ዘጠና ስድስት ሜትር

ሃምሳ አለቃው ጸሐፊ እንደሚፈልጉ የሰማሁት ከልብስ ሰፊው ነው። በዚያን ጊዜ በንፋስ መውጫ ገበያ፣ በልብስ ሰፊው ዳስ ሥር፣ ከስፌት መኪናው በስተግራ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በስተቀኝ ያልተቀመጥሁት ጨርቁ በዚያ በኩል ስለሚወርድ ነው። ልብስ ሰፊው እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በእኔ ጾም እሱ ምሳውን ወደ ኋላ ዞሮ ይበላል፣ በእሱ ጾም እኔ እንዲሁ አደርጋለሁ። ሌላ ውል አልነበረንም።

አስኳላ አልገባሁም። ፊደልና ዳዊት የተማርሁት እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ነው። ጾመ ድጓ ጀምሬም ነበር፤ መሪጌታው ሁለት ክረምት ከታገሡኝ በኋላ እጄ ከድምፄ እንደሚሻል ነግረው አሰናበቱኝ። ሒሳብ የተማርሁት ባለሱቁ ጨው ሊጠቀልልበት ካስቀመጠው የተማሪ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ከአሥራ ሰባተኛው ገጽ ነበር። ከዚያ በፊት ምን እንደ ተጻፈ አላወቅሁም። መደመር ይመስለኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃው የተወለዱት ከንፋስ መውጫ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደብር ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ግድም ከአገር ወጥተው ውትድርና ገቡ። እዚያ በተደረገ እሽቅድምድም ሁሉንም ስለ ቀደሙ ከሥሩ ሚስማር ያለው ጫማ ተሰጣቸው። ከዚያ ለኦሎምፒክ ተላኩ። በአውሮፕላን ሦስት ቀን ተጉዘው መቶ ሜትር ሮጡ። አብረው የሮጡት ስድስት ነበሩ፤ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፉት ሦስት ናቸው፤ እሳቸው አምስተኛ ወጡ። ይህን የነገሩኝ በተዋወቅንበት ቀን ነው። ስድስተኛው ሰው እግሩን ታሞ እንደ ነበረም ሳልጠይቃቸው ጨመሩበት። ከእሳቸው ጋር ለመሥራት የወሰንሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ለምክር ቤት እንደራሴነት ሊወዳደሩ መጥተዋል። ከእኛ አካባቢ የሚመረጡት ሁለት ሲሆኑ የሚወዳደሩት አምስት ናቸው። ምክር ቤት መግባት ለምን እንደ ፈለጉ ጠየቅኋቸው። በሩጫ ሜዳ ሁሉን ነገር የሚወስኑት የተቀመጡት ሰዎች መሆናቸውን አይቻለሁ አሉኝ። ከሠራዊቱ በገዛ ፈቃዳቸው ስለ ለቀቁ፣ ካልተመረጡ የሚመለሱበት ሥራ አልነበራቸውም። ይህንንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

ከተመረጡ አዲስ አበባ ሊወስዱኝ ቃል ገቡልኝ። የእሳቸው ጸሐፊ እሆናለሁ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ቤት አለ፣ ማንም ገብቶ ተቀምጦ ያነባል፣ ማን ነህ የሚለው የለም። ስንት መጽሐፍ እንዳለው ጠየቅሁ። ቁጥሩን አያውቁትም። ከመጽሐፉ ብዛት ግድግዳው አይታይም አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለማይታየው ግድግዳ አስብ ነበር። ከዚያ ሁሉ መካከል የሒሳቡ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች ሊታጡ አይችሉም።

የመጀመሪያው ሥራዬ የምዝገባውን ወረቀት መሙላት ነበር። ተወዳዳሪ በአካባቢው ንብረት ያለው መሆን አለበት። ወረቀቱ መሬቱ የት እንደ ሆነና በአራቱም በኩል ከምን ጋር እንደሚዋሰን ይጠይቃል። ሃምሳ አለቃው በአባታቸው ባለርስት ናቸው፤ ይህን የሚክድ ሰው የለም። ዳሩ ግን በአገራችን ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ዘሩን የቆጠረ ሁሉ የሚካፈለው መብት ነው። መብት ያለው ሁሉ ማሳ አለው ማለት አይደለም። የሃምሳ አለቃውን አባት ማሳ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያርሱ የኖሩት አጎታቸው ናቸው። ሃምሳ አለቃው ያንኑ ማሳ በግምት እንድጽፈው፣ ወረቀቱን አንብቦ የሚመረምር እንደማይኖር ነገሩኝ።

እኔ በግምት የጻፍሁት ወረቀት የለም። አንድ ቀን ለብቻዬ ሄጄ ማሳውን ዞሬ አየሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የደብሩ የግጦሽ ሜዳ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በደቡብ የአጎትየው አውድማ። ግልባጩን ለራሴ አስቀረሁ። የጻፍሁትን ሁሉ ግልባጭ አስቀራለሁ።

ማንበብ ለማይችል መራጭ ሲባል ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሥዕል ምልክት ይሰጠው ነበር። ሃምሳ አለቃው ፈረስ ፈልገው ነበር፤ ፈረሱን ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል። ጃንጥላ ደረሳቸው።

ከዚያ በበቅሎና በእግር አገር ዞርን። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ በየገበያውና በየደብሩ ሃምሳ አለቃው ስለ መንገድ፣ ስለ ሐኪም ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ይናገራሉ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ንግግሩ ሲያልቅ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ስለ ሩጫው ነው። ስማዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ማን ሲያሳድዳቸው እንደ ሮጡ ጠየቋቸው። ማንም አላሳደደኝም አሉ። ታዲያ ማንን ሲያሳድዱ ነው? ማንንም። ሽማግሌው መቶ ሜትሩ ሲያልቅ ምን አደረጉ ብለው ጠየቁ። ቆምሁ አሉ ሃምሳ አለቃው። ከወደ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ደግሞ፣ በእነሱ ቀበሌ ደብዳቤ ይዞ በአንድ ቀን ደብረ ታቦር የሚገባ ሰው እንዳለ ገልጾ፣ መንግሥት እሱን ለምን እንዳልላከው ማወቅ ፈለገ።

ቤተ ልሔም ስንደርስ የድሮው መሪጌታዬ ሩጫው የፈጀውን ጊዜ ጠየቁ። አሥራ አንድ ሰከንድ ከጥቂት ነው ተባሉ። ሰከንድ ምን ያህል እንደ ሆነች ማወቅ ስለ ፈለጉ፣ ሃምሳ አለቃው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ መሪጌታው በጸሎት ሰዓት እንደሚሉት ሳይቸኩሉ አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግሙ ተስማሙ። መሪጌታው ጀመሩ። ትምጻእ መንግሥትከ ላይ ሲደርሱ ሃምሳ አለቃው እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ አለቀ?»

«አለቀ፣ የኔታ።»

«ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርኸው?»

ሃምሳ አለቃው አዎን አሉ። መሪጌታው የቀረውን ጸሎት ለብቻቸው ጨረሱ።

መጨረሻ የቀረን የሃምሳ አለቃው የትውልድ ደብር ነበር። እዚያ በብዛት ካልተመረጡ ሌላው አገር አይመርጣቸውም፤ የገዛ አገሩ ያልፈለገውን ሰው ማንም አይፈልገውም። የደብሩ ጭቃ ሹም በደንብ ተቀበሉን። ነገር ግን ስለዚህ ሩጫ ብዙ እንደ ተወራ፣ የተወራውን ደግሞ ያየ ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ይይ፣ አይቶ ይፍረድ አሉ። ሃምሳ አለቃው ከአርባ ዓመት ብዙም አልራቁም ነበር። እሮጣለሁ አሉ። መቶ ሜትሩን መለካት የእኔ ሥራ ሆነ።

መለኪያ አልነበረኝም። ልብስ ሰፊው ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የገዛውን ሜትር አዋሰኝ። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም የጨርቅ ሜትር ነው፤ የግማሽ ሜትሩ ቁጥር ስለ ጠፋ ያንን አጥፌ አንድ ሜትሩን ብቻ ተጠቀምሁ። ገመዱ ጠፍር እንዳይሆን ተጠነቀቅሁ፤ ጠፍር ሲሳብ ይረዝማል። አዲስ የቃጫ ገመድ ገዝቼ በየሜትሩ ነጭ ክር አሰርሁበት፣ ሃምሳኛው ላይ ቀይ ክር። ልብስ ሰፊው ሥራውን ትቶ ሲያየኝ ቆየና ሱሪው ለማን እንደ ሆነ ጠየቀኝ።

ዓርብ ዕለት ሄድሁ። ሜዳው በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በሌላ በኩል የአጎትየው ማሳ አለው። አንዱን ችካል በቅጥሩ ሥር ተከልሁ። የገመዱን ጫፍ ድንጋይ ጭኜበት ዘረጋሁ፣ ቀዩ ክር ያረፈበት ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ከዚያ ደግሜ ዘረጋሁ። ሁለተኛው ሃምሳ ሜዳው ውስጥ አላለቀም። ሜዳው ዘጠና ስድስት ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ወደ ኋላ እንዳልመለስ ቅጥሩ አለ። አግድም ሞከርሁ፤ ቋጥኝ አለበት። በሰያፍ ስሞክር ደግሞ መቃብር ይነካል። ሌላ ሰው ቢሆን ችካሉን የሜዳው ጠርዝ ላይ ተክሎ መቶ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ የታረሰው ማሳ ውስጥ አራት ሜትር ገብቼ ሁለተኛውን ችካል ተከልሁ። ማስታወሻዬን አውጥቼም ልኩን ጻፍሁ። በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ አንዲት ኩበት የምትለቅም ሴት ነበረች። ገመዱን አየች፣ ችካሉን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ቅርጫቷ ገና ግማሽ ነበር። እንደ ጎደለ አንሥታው ሄደች።

በእኛ አገር መሬት በገመድ አይለካም። ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ይታወቃል፣ ድንበሩን ሽማግሌ ያውቃል፣ በዚህ ይበቃል። ሸዋና ወሎ ላይ ግን ቀላድ የሚባል ገመድ እየተጣለ መሬት እንደ ተለካ፣ ግብሩ እንደ ከበደ፣ ከገመዱ የተረፈውም ለሌላ ሰው እንደ ተሰጠ ያልሰማ የለም። ገመድ ይዞ ማሳ የገባ ሰው ለምን እንደ ገባ ቆሞ የሚጠይቀው የለም። ይህን አውቃለሁ፤ እዚያው አገር ነው የተወለድሁት። ዓርብ ዕለት ግን ያሰብሁት ስለ መቶው ብቻ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቆመዋል። ጠመንጃ የያዙት ከወትሮው ይበዛሉ። ጭቃ ሹሙ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ችካሎቼን በጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሃምሳ አለቃው ከጋቢያቸው ሥር ቁምጣ ለብሰው፣ ባለ ሚስማሩን ጫማ በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። አይተው ቆሙ። ጫማውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

ጭቃ ሹሙ ችካሉን ማን እንደ ተከለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልሁ። ገመዱን ከወዲያ ማዶ ማን እንደ ያዘልኝ ጠየቁ። ድንጋይ ነው አልሁ። ቀላድ ለመጣል ማን እንደ ላከን ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ሃምሳ አለቃው ቀላድ አለመሆኑን፣ ለዛሬው ሩጫ መሆኑን፣ መንግሥትም እንደማያውቀው በረጅሙ አስረዱ። ጭቃ ሹሙ ወዲያው ባያምኑም ወደ ማመኑ ሄዱ። ገመድ የያዝሁበትን ዓላማ በክፉ ጠርጥሮ የነበረ አንድ ሰው እንዲያውም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

አጎትየው ከሰው መካከል ወጡ። አጭር፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው።

«ሩጫ ከሆነ ሜዳው ላይ ይሩጥ። ችካሉ ማሳዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ሜዳው አራት ሜትር ይጎድላል» አልሁ።

«ከምን ላይ ነው የሚጎድለው?»

«ከመቶው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ያረስሁት ማሳ ያንተን መቶ ለመሙላት ነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ ሃምሳ አለቃው ሳይዞሩ እኔኑ እያዩ ይህ ማሳ በወንድማቸው ልጅ ስም የተጻፈበት ወረቀት እንዳለ ጠየቁኝ። ሃምሳ አለቃው መሬት መሬቱን ያያሉ። የለም ብል የሚመረምረኝ አልነበረም። ግልባጩ በትከሻዬ ባንጠለጠልሁት ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱንም ማንም አልፈተሸውም።

«አለ» አልሁና ግልባጩን አወጣሁ።

ወረቀቱን የደብሩ አለቃ ተቀብለው ጮኽ ብለው አነበቡት። በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የግጦሽ ሜዳ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በደቡብ አውድማ። ሁሉም ልክ ነበር። የደብሩ አለቃ አንብበው ሲጨርሱ ጽሕፈቱ የሚያምር እንደ ሆነ ተናገሩ።

ያን ጊዜ የነበርንበት ሁኔታ ይህ ነው። አጎትየው ንፋስ መውጫ ሄደው ማሳው የእኔ ነው ብለው ቢያመለክቱ ሃምሳ አለቃው ከተወዳዳሪዎች መዝገብ ይሰረዛሉ። ሃምሳ አለቃው ማሳው የእኔ አይደለም ብለው እዚያው ለአጎታቸው ቢምሉም መሬት የሌለው ሰው ስለሚሆኑ ይሰረዛሉ። መሬቱ የእኔ ነው ቢሉ ደግሞ ከመራጩ ሕዝብ ጋር ይጣላሉ፤ የዚያ ቀን መራጩ ሕዝብ ደግሞ ጠመንጃ ይዟል። ሃምሳ አለቃው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ወዴትም መሮጫ ያጡት።

ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ገለል ብለው ተነጋገሩ። የቆዩት በጣም ነው፤ ሃምሳ አለቃው በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ሲመለሱ ፍርዱን የተናገሩት ጭቃ ሹሙ ናቸው። ወረቀቱ እንዳለ ይቆይ፣ መሬቱን አጎትየው ይረሱ። ሃምሳ አለቃው በዚህ ማሳ በሬ ላያስገቡ፣ ለሌላ ላይሰጡ፣ መስቀል መትተው ይማሉ። በመሐላውም ላይ ዋስ ይጥሩ።

ሃምሳ አለቃው ማሉ። ዋስ ጥራ ሲባሉ ግን ዙሪያቸውን አዩ። ዘመዶቻቸው ሁሉ የአጎትየውም ዘመዶች ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ያወቃቸው ነው። ማንም አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም።

«ዋሱ ይህ ልጅ ይሁን» አሉ አጎትየው። «ወረቀቱን የጻፈው እጅ እዚሁ ይቅር።»

ጭቃ ሹሙ የሚያስከትለውን አስረዱኝ። ዋስ በተጠራ ዕለት መገኘት አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ እስካለ፣ ማለት ሃምሳ አለቃው እንደራሴ ሆነው እስከ ቆዩ ድረስ፣ ከአካባቢው ወጥቼ መኖር አልችልም። እንደራሴ የሚመረጠው ለስንት ዓመት እንደ ሆነ ጠየቅሁ። አውቀዋለሁ፤ ግን ሲነገር መስማት ፈለግሁ። አራት ዓመት ነው አሉ።

ሃምሳ አለቃው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እምቢ በል። አልቀየምህም» አሉኝ።

የማይታየውን ግድግዳ አሰብሁት። ከዚያ ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈው አሰብሁ። እሺ አልሁ። ዋስነቴን ጭቃ ሹሙ በቃል፣ እኔ በጽሑፍ መዘገብነው፤ ግልባጩን አስቀርቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ተቀመጠ። ጭቃ ሹሙ እንግዲህ ሩጥ አሉ። አጎትየው ከማሳቸው ጠርዝ ላይ ቆመው ከዚህ ወዲህ እግር እንዳይገባ አሉ። ሃምሳ አለቃው ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው ጫማቸውን አጠለቁ። በቅጥሩ ሥር በሁለት እጃቸው መሬት ይዘው ተንበረከኩ፤ አንዲት አሮጊት የሚጸልዩ መስሏቸው ዝም በሉ ብለው አጠገባቸው ያሉትን ገሠጹ። ከዚያ ተነሡ።

ያየሁትን በትክክል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከሦስት ወር በላይ አብሬያቸው ሄጄ ስለ ነበር አረማመዳቸውን አውቃለሁ፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ሲሮጡ የሚጎትት እግር አልነበራቸውም። የሣሩ ቁራጭ ከሚስማሩ ሥር ወደ ኋላ ይበር ነበር። ሰዉ አንገቱን አዙሮ ሳይጨርስ አጎታቸው ፊት ደርሰው ቆሙ። ሁለቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ፤ በመካከላቸው የማሳው ጠርዝ ነበር።

«ይኸው ነው?» አሉ አጎትየው።

«ይኸው ነው» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ እያለከለኩ።

ጭቃ ሹሙ ከተቀመጡበት ሆነው መቶው ሞልቶ እንደ ሆነ ጠየቁ። ሃምሳ አለቃው ሞልቷል አሉ። እኔ ጋቢውን ይዤ ቆሜ ነበር። ዘጠና ስድስት ነው ለማለት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ስሕተት የሆነ ቁጥር ሰምቼ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በምርጫው ሃምሳ አለቃው ከአምስቱ ሁለተኛ ወጥተው እንደራሴ ሆኑ። በዚያ ደብር ከሞላ ጎደል ሁሉም ጃንጥላውን መረጠ። በሩጫው ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱን ልብስ ሰፊው ከገበያ ሰምቶ ነገረኝ። ሌሎቹ አራቱ ከተመረጡ በኋላ ቢጠፉ የሚጠየቅላቸው ሰው የለም፤ የጃንጥላው ግን ዋሱ እጃችን ላይ ነው ይላሉ አለኝ። ቀና ብሎ አየኝና ዳሱን ከፀሐይ ወዲህ እንድናዞረው ጠየቀኝ፤ ለረጅም ጊዜ የምቀመጥ ከሆነ ማለቱ ነው። አዞርነው።

ሃምሳ አለቃው በሄዱ በስምንተኛው ወር አንድ ጥቅል ላኩልኝ። ያው የሒሳብ መጽሐፍ ነበር፣ ሙሉው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች አነበብሁ። መደመር አልነበረም። መጽሐፉን በንጽሕና ስለ መያዝና ቁጥሮችን አስተካክሎ ስለ መጻፍ ነው። የማላውቀው ነገር አልነበረበትም።

ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ አጭር አጭር ነው። ወንበሩ ምቹ ነው ብለው ጽፈዋል። አንድ ጊዜ በምክር ቤቱ ስለ መሬት ልኬት ክርክር ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ለብዙ ሰዓት ተናገሩ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ተነሥተው፣ የእኔ አገር ሰው ገመድ አይወድም፣ እኔ አይቻለሁ፣ ብለው ተቀመጡ። ጊዜውን በሰዓታቸው አይተውታል። አሥራ አንድ ሰከንድ አልሞላም።

አራቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ማለት ባለፈው ግንቦት፣ ደግመው እንደሚወዳደሩ ጻፉልኝ። የዚያኑ ማሳ ወረቀት እንድሞላ ጠየቁኝ። አሁን ግን የደብሩ ሰው ስለለመዳቸው ሌላ ዋስ ማግኘት እንደሚችሉ፣ አጎትየው ከለቀቁኝ ወደ አዲስ አበባ እንድመጣ፣ ክፍል እንዳዘጋጁልኝም ጨመሩ። አጎትየው ዘንድ ሰው ላክሁ። ሰኞ ጧት ያንን ገመድ ይዘህ ና የሚል መልስ መጣ።

ገመዱን አውጥቼ እሑድ ማታ ከልብስ ሰፊው ሜትር ጋር አስተያየሁት። ልክ ነበር። ሰኞ ስደርስ ጭቃ ሹሙና ሁለት ሽማግሌዎች በቅጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ነገሩ ይህ ነው፦ አጎትየው የግጦሹን ሜዳ በእርሻ ገፍተዋል የሚል ክስ በደብሩ ተነሥቶባቸዋል። ሜዳው ከአራት ዓመት በፊት ስንት እንደ ነበር የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ያም ሰው ራሱን የሚጎዳ ቢሆን እንኳ ቁጥር እንደማይለውጥ ሁሉም አይተዋል። እሱ ለክቶ ዛሬም ዘጠና ስድስት ነው ካለ ክሱ ይቀራል። አጎትየው ይህን ሁሉ ከቅጥሩ ወደ ማሳው አብረን ስንሄድ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልኩ እንዳለቀ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ከዋስነቱ እንደሚለቁኝም ነገሩኝ። አዲስ አበባ ብርድ አለው ይላሉ፣ ጋቢ ያዝ አሉኝ።

ሃምሳውን ዘረጋሁ። ምልክት አደረግሁ። ደግሜ ዘረጋሁና የነጩን ክር ቁጥር ከአጎትየው ማሳ ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ ቆጠርሁ። ከዚያ እንደገና ቆጠርሁ። ጧት ስለ ነበር ትልሙ ላይ ጤዛ ነበር፤ አዲስ የታረሰው አፈር ከቀድሞው ይልቅ ጠቆር ይላል፣ የሣር ሥርም ነበረበት።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ዘጠና አራት።»

ወደ ቅጥሩ አዩ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ሆነው አይሰሙንም።

«ገመድህ አርጅቶ አጥሮ ይሆናል።»

«ገመዱ ቢያጥር ቁጥሩ ይበዛ ነበር እንጂ አያንስም» አልሁ። «በዓመት ግማሽ ሜትር ነው የሚደርሰው።»

አጎትየው በእጃቸው የያዙትን የጅራፍ እጀታ ብዙ ጊዜ አገላበጡ። አልተቆጡም። ሳስበው፣ ከእኔ ሌላ መልስ የጠበቁ አይመስለኝም፤ መሞከር ስለነበረባቸው ነው የሞከሩት።

«እንግዲያው ዋስነቱ ይቆይ» አሉ።

እሺ አልሁ። ጉልበቴን አራግፌ ገመዱን ጠቀለልሁና ለሽማግሌዎቹ ልነግራቸው ወደ ቅጥሩ ሄድሁ። መንገዱ ዘጠና አራት ሜትር ነው።